«ይክፈል እንጂ ምን ያከራክረዋል?» ለሚሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የነጋዴ ሂሳብ እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝና ደንበኞቼም ልከውልኛል። «አንተ ቅሬታ አስገቡ እያልክ ታደክመናለህ፣ ሰውየው ምን እንዳሉ እየው» ለማለት ነው። አይቼዋለሁ። መልስም አለኝ።

ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው በግብር ላይ የሚቀርበው ቅሬታና ይግባኝ በዝቷል ባይ ናቸው። ቅሬታ ግብርን ማዘግያ ዘዴ ነው ይላሉ። መዝገብ ያልያዘ ነጋዴ የተገመተለትን ተቀብሎ ይክፈል እንጂ ስለ ግምቱ መናገር አይችልም ይላሉ። ቀጥለው ወደ ውጭ ዜጎች ይዞራሉ። በሰው አገር ሠርቶ የሚያተርፍ ሰው እንደ አገሬው የመከራከር መብት ሊኖረው አይገባም ባይ ናቸው። ማሳረጊያቸው አሜሪካ ናት፤ እዚያ መንግሥት ግብሩን ከባንክ ላጥ አድርጎ ይወስዳል እንጂ የቅሬታ ሰልፍ አያስተናግድም ይላሉ። መፍትሔያቸው ደግሞ ሙሉውን ሳይከፍል ማንም አቤት እንዳይል ማድረግ ነው።

ጽሑፉ ውስጥ ስድብ የለም፤ ለአገር ገቢ መቆርቆር አለ። እኔም በዚያው ልክ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ከማዘግየቱ እንጀምር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 እንዲህ ይላል። የውሳኔ ማስታወቂያ የደረሰው ሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ያስገባል። በቂ ምክንያት አቅርቦ ከጠየቀ እስከ 10 ቀን ሊጨመርለት ይችላል። ከዚያ ተራው የግብር መሥሪያ ቤቱ ነው። ቅሬታው ከቀረበ 180 ቀን ሞልቶት ውሳኔ ካልተሰጠ ሰውየው በቀጥታ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ይችላል። ለነጋዴው 21 ቀን፣ ለመሥሪያ ቤቱ 180 ቀን። የሚያዘገየው ማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ኮሚሽኑ ዘንድ ለመቅረብ ደግሞ ከሚከራከርበት ግብር ግማሹን አስቀድሞ መክፈል አለበት። በኮሚሽኑ ውሳኔ ካልተስማማና ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሄደ 75 በመቶ ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባልተከፈለው ላይ ወለድ ይቆጠራል፤ ያውም ከባንኮች ከፍተኛ የማበደሪያ ወለድ በላይ የሆነ ወለድ። በጊዜው ያልተከፈለ ግብር መቀጫም አለው። በመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ 2 በመቶ ይጨመራል። ብር ማቆየት የፈለገ ነጋዴ እኮ ከባንክ ቢበደር ይረክስለታል።

እኔ የማየው እንዲያውም ሌላ ነው። ሰው ቅሬታ እያለው ዝም ብሎ ይከፍላል። ንግድ ፈቃድ ለማደስ ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት፣ ያስፈልጋላ! የቡና ወቅት ደርሶ ፈቃዱ ያልታደሰ ነጋዴ እጁን አጣጥፎ ቁጭ ማለቱ ነው። ስለዚህ «ልክፈልና ልገላገል» ይላል። ያ ክፍያ እንደ መስማማት ይቆጠርበታል። የሚቀጥለው ዓመት ግምትም ከዚያ ላይ ይነሳል። ጸሐፊው የሚያዩት ቅሬታ ያስገባውን ነው። ሳያስገባ ስለቀረው ግን ማንም አይጽፍም።

ሙሉውን ከፍሎ ይከራከር የሚለውን መፍትሔ በደንብ ብናስበው ጥሩ ነው። ለመከራከር የሚጠየቀው ገንዘብ የሚሰላው ከተወሰነው ግብር ላይ ነው። ውሳኔው በተጋነነ ቁጥር የመከራከሪያው ዋጋም አብሮ ይጨምራል። 20 ሺህ ብር መክፈል የነበረበት ሰው በስህተት 24 ሺህ ቢባል ግማሹ 12 ሺህ ነው፤ ተበድሮም ይሞላዋል። 200 ሺህ ከተባለ ግን ግማሹ 100 ሺህ ነው። ይህን ያህል ካለው ሱቁን ያሰፋበት ነበር። ስለዚህ በሩ ክፉኛ የሚዘጋው ትልቁ ስህተት በተሠራበት ሰው ላይ ነው። ጸሐፊው ይህን በር ጨርሰን እንጠርቅመው እያሉን ነው። እኔ ግን ግማሹም ለትንሽ ነጋዴ ይበዛበታል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ግምቱ። ከሁሉ ያናደደኝ ይህ ነው፤ ረዘም ባደርገው አትፍረዱብኝ።

መዝገብ ያልያዘ ሰው በግምት መክፈሉ ትክክል ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንጣላም። ግን ግምትም ከግምት ይለያል። አንዱ መነሻ አለው፤ የቤት ኪራዩን ያያል፣ የሠራተኛውን ብዛት ይጠይቃል፣ ዕቃ የተገዛበትን ደረሰኝ ያገላብጣል፣ ከጎረቤት ሱቅ ጋር ያስተያያል። ሌላው ደጅ ላይ ቆሞ «ይሄ ቤት በቀን ይሄን ያህል ይሸጣል» ብሎ ጽፎ ይሄዳል።

ጅማን የሚያውቅ ሰው ሁለተኛው ምን ጉድ እንደሚያመጣ ይገባዋል። በከተማው ገበያ፣ በሂርማታ መርካቶ፣ ያለ ሱቅ ሐሙስና ማክሰኞ አንድ አይደለም። ሐሙስ ከማና፣ ከሰቃ፣ ከቀርሳ፣ ከዴዶ ሰው ይገባል፤ መንገዱ አያሳልፍም። በሐሙስ መጥቶ የገመተ ሰው ለዚያ ሱቅ ዓመቱን በሙሉ ሐሙስ ያደርግለታል። ወቅቱም እንደዚያው ነው። ቡና በሚለቀምበት ጊዜ ገበሬው እጅ ላይ ብር አለ። ቆርቆሮ ይገዛል፣ ልብስ ይገዛል፣ ልጁን ይድራል። ክረምት ሲገባ ያው ሱቅ ጨውና ሳሙና እየሸጠ ይውላል፤ ባለሱቁም ዝናብ ያያል። ግምቱ የተወሰደው በየትኛው ወር ነው? ይህን ጥያቄ መጠየቅ ለጸሐፊው ማጭበርበር ነው። ለእኔ ተራ የሂሳብ ጥያቄ ነው።

አንድ የማውቀው የእንጨት ሥራ ባለሙያ አለ። ጅማ በወንበርና በበርጩማ የታወቀች ከተማ ስለሆነች እንዲህ በማለቴ ማንነቱ አይታወቅም። ደጁ ላይ የተደረደረው ዕቃ በሙሉ የሚሸጥ ተብሎ ተቆጠረበት። ከዚያ ውስጥ ብዙው ለጥገና የመጣ የሰው ዕቃ ነበር። አንዱ ቫርኒሽ ይቀባል፣ አንዱ እግሩ ይተካል። የማን እንደሆነ ከነስልክ ቁጥሩ በተራ የተማሪ ደብተር ላይ ጽፎታል። «ታዲያ ደብተሩን ለምን አላሳየህም?» ብለው «ማን ጠየቀኝ?» አለኝ። ደብተሩ ቢታይ ግምቱ ይወርድ ነበር ወይ? ምናልባት ይወርዳል፣ ምናልባት ደብተሩ አይታመንም ይባላል። ሁለቱም ያስኬዳል። የማያስኬደው ደብተሩ መኖሩን ማንም ሳያውቅ ቁጥሩ መጽደቁ ነው።

ሕጉም ቢሆን ከጸሐፊው ጋር አይስማማም። አዋጁ በግምት ለሚወሰን ግብር የሚሰጠው ማስታወቂያ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ዘርዝሯል። የግብሩ መጠን፣ መቀጫና ወለድ ካለ እሱም፣ የየትኛው ጊዜ ግብር እንደሆነ፣ መክፈያው ቀን። በመጨረሻም ቅሬታ እንዴትና እስከ መቼ እንደሚቀርብ። መዝገብ የሌለው ሰው አፍ የለውም ቢባል ኖሮ ይህ የመጨረሻው ምን ይሠራ ነበር? ልብ በሉ፣ ውሳኔው ስህተት ነው ብሎ የማስረዳት ሸክሙም ያለው በግብር ከፋዩ ትከሻ ላይ ነው። ሕጉ ለነጋዴው ያዳላል የሚባለው የቱ ጋ እንደሆነ አይታየኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው የጅማ ትንሽ ነጋዴ የሚከፍለው ለክልሉ ነው፤ ክልሉም የራሱ የታክስ ሕግ አለው። አካሄዱ ከፌዴራሉ ጋር ይቀራረባል። ቀኑንና መቶኛውን ግን ከእኔ ጽሑፍ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ካለው ማስታወቂያ አንብቡ። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ የገቢ ግብር ሕጉ ተሻሽሎ የግብር ከፋይ ደረጃዎቹ «ሀ» እና «ለ» ሁለት ብቻ መሆናቸውንና ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ሰው በ«ለ» ውስጥ መግባቱንም አትርሱ። መዝገብ የሌለው ሰው ሽያጭ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከደረጃው ጋር አልጠፋም።

ዝም ማሰኘት ገቢ ያሳድጋል ለሚል ሰው ሐምሌ 2009ን አስታውሳለሁ። በአምቦ፣ በወሊሶ፣ በጊንጪ ሱቆች ተዘጉ። መነሻው የዕለት ገቢ ግምት ነበር። ከተዘጋ ሱቅ ደግሞ ግብር አይሰበሰብም።

ሦስተኛው የውጭ ዜጋ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት የሚዞረውን ነው የተናገሩት፤ ስለዚህ በቁም ነገር ልውሰደው።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ለማስከፈል ዜግነት ላይ አይንጠለጠልም። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየ ሰው ነዋሪ ተብሎ ይከፍላል። ነዋሪ ያልሆነውም እዚህ ካገኘው ገቢ ይከፍላል። ሲከፍል እንደ ሁላችን ሆኖ ሲከራከር ጊዜ እንግዳ የሚሆነው በምን ሂሳብ ነው? ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 37 ላይ በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለዳኝነት አካል የማቅረብን መብት ለማንኛውም ሰው ነው የሰጠው። ለዜጋ ብቻ የተባለ መብት አለ፤ ለምሳሌ መምረጥና መመረጥ። ይህ ግን ከዚያ ውስጥ አይደለም።

ደግሞስ ጅማ ላይ ያለው የውጭ ዜጋ ማን ነው? ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር መምህር አለ፤ ግብሩ ከደመወዙ ተቆርጦ ነው የሚሄደው። በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ አለ። የመንገድ ተቋራጭ ሠራተኛ አለ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 መሠረት ሠርቶ የማደር መብት ያገኘ ስደተኛም የአገሪቱ ግብር ከፋይ ሊሆን ይችላል። ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ይዞ አባቱ ቦታ ላይ ፎቅ የሚሠራ የኛው ልጅም በወረቀት የውጭ ዜጋ ነው። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ሰው አንድ ላይ ጠቅልለው ዝም በሉ አሏቸው።

ይልቁንስ የአካሄድ መብት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። ማስታወቂያው በማያነበው ቋንቋ ይደርሰዋል። ምን እንደሆነ ሳያውቅ ፈርሞ ይቀበላል፤ 21 ቀኑም መቁጠር ይጀምራል። የሚያስረዳው ዘመድ የለው፣ የሚያማክረው ጎረቤት የለው። ውዝፍ አለበት ተብሎ ከአገር እንዳይወጣ ሊታገድም ይችላል። ሕጉ ይህን ዕግድ የፈቀደው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከዚያ በላይ እንዲጸና ፍርድ ቤት ማራዘም አለበት። ዳኛ እንዲያየው የተደረገው በከንቱ አይደለም። የአንድ መሥሪያ ቤት ፊርማ ብቻውን ሰውን አገር ውስጥ ቆልፎ እንዳያስቀር ነው። ድሮ «በሕግ አምላክ!» ሲባል የሚቆመው ሰው አገርህ ወዴት ነው ተብሎ አይጠየቅም ነበር።

ነገሩ ለጅማ የጥቅም ጉዳይም ነው። በ2016 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ጥሬ ቡና ወደ ውጭ የመላክ ሥራ ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል። እሰየው የሚልም የተከፋም አለ፤ እኔ ገና አላየሁም ባይ ነኝ። ግን የውጭ ላኪ ከጅማ አቅራቢ ቡና በሚገዛበት ዘመን የላኪው ሂሳብ ሳይሰማ ቢታገድ፣ ገንዘቡ አብሮ የሚታገደው የጅማው አቅራቢ ነው። ከአቅራቢው ጀርባ ደግሞ ቡናውን በዱቤ የሰጠው ገበሬ አለ። በነገራችን ላይ የሂርማታ ገበያ በአባ ጅፋር ዘመን የደመቀው ከሩቅ አገር በመጡ ነጋዴዎች ጭምር ነው። እንግዳ ነጋዴን አስተናግዶ ቀረጥ መቀበል ለዚህ ከተማ አዲስ ነገር አይደለም።

አሜሪካን በተመለከተ ጸሐፊው ማንን ጠይቀው እንደጻፉ አላውቅም። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ የሚባለው፣ ግብር ይጎድልሃል ብሎ ሲወስን በቅድሚያ ማስታወቂያ ይልካል። ግብር ከፋዩ በ90 ቀን ውስጥ ወደ ታክስ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ማስታወቂያው የተላከው ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው ከሆነ ጊዜው 150 ቀን ነው። ሚኒሶታ ነዳጅ ማደያ ሲሠራ ቆይቶ አሁን ጅማ የተመለሰ ሰው እዚሁ ቁጭ ብሎ 150 ቀን አለው ማለት ነው። ዋናው ደግሞ ይህን ክርክር ለመጀመር ከሚከራከርበት ግብር አንድ ሳንቲም አስቀድሞ አይከፍልም። ሙሉውን ክፈልና ተከራከር የሚባለው በዚያ መንገድ ሳይሄድ ቀርቶ የከፈለውን እንዲመለስለት በሌላ ፍርድ ቤት ሲከስ ነው። ጸሐፊው የጠቀሷት አገር ከእኛ ግማሽና 75 በመቶ በብዙ ትቀላለች።

ከባንክ ላጥ ማድረጉስ? አለ፤ አልክድም። ግን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሕግ መሥሪያ ቤቱ ንብረት ከመውሰዱ በፊት እንዲያሳውቅና ግብር ከፋዩ በ30 ቀን ውስጥ መደመጥ እንዲጠይቅ ደንግጓል። አንዲት የሰሜን ዳኮታ የጥብቅና ድርጅት ከዚሁ ጋር በተያያዘ ወደ ታክስ ፍርድ ቤት ስትሄድ በአንድ ቀን ዘገየች። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ፣ በቂ ምክንያት ካለ ቀኑ ሊታለፍ ይችላል አሉ። አንድ ቀን ዘግይተሃል ተብሎ ፋይሉ የተመለሰበት የጅማ ነጋዴ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም።

ስለ መጤዎቹም ቢሆን አሜሪካ ለጸሐፊው ጥሩ ምስክር አትሆንም። እ.ኤ.አ. በ1886 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የልብስ ማጠቢያ ፈቃድን ለቻይናውያን እየከለከለ ለሌላው ሲሰጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አይሆንም አለ። የሕጉ ጥበቃ ለዜጋ ብቻ አይደለም ብሎ ወሰነ። ዛሬ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሊያገኝ የማይችል ሰው ግብር እንዲከፍል አይቲን የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ። ወረቀት የሌለው ሰው ሳይቀር በዚህ ቁጥር ይከፍላል። አቅም ለሌለውና እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው በግብር ክርክር የሚረዱ፣ በመንግሥት የሚደገፉ የሕግ ድጋፍ ክሊኒኮችም አሉ።

ግን አሜሪካን ገነት አድርጌ አላቀርብም። ማስታወቂያው የሚላከው ወደ መጨረሻው የታወቀ አድራሻ ነው፤ ደረሰም አልደረሰም ቀኑ ይቆጠራል። ቤት በየዓመቱ ለሚቀያይር ስደተኛ ይህ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የግብር መሥሪያ ቤቱ የግብር ከፋዮችን አድራሻ ለኢሚግሬሽን ፖሊስ ለመስጠት ተስማማ። የግብር መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በጥብቅ ሚስጥርነት በሕግ የተጠበቀ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ተጠባባቂ ኃላፊም በዚያው ሰሞን ለቀቁ። የብዙ አሥር ሺዎች አድራሻ ከተሰጠ በኋላ በዓመቱ መጨረሻ አንዲት የዋሽንግተን ዳኛ ነገሩን አገደች። እዚህም ላይ ያየነው ያንኑ ነው። ዳኛ ዘንድ የሚያደርስ በር ባይኖር ኖሮ ማን ያግደው ነበር?

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት አንድ ቦታ አለ። ደረሰኝ የማይቆርጥ ነጋዴ ሞልቷል። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ልቀንስልህ» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። በመዝገቡ ላይ ኪሳራ፣ በቤቱ ላይ ሦስተኛ ፎቅ የሚጨምረውንም እናውቀዋለን። ለእሱ መቀጫ አለ፣ ኦዲት አለ፣ የወንጀል ክስም አለ። የተሰጠ የግብር ውሳኔ እስከ አምስት ዓመት ተመልሶ ሊታይ ይችላል፤ ማጭበርበር ካለ ደግሞ የጊዜ ገደብ የለም። መንግሥት እጁ አጭር አይደለም።

የቅሬታ ብዛት ያስጨነቃቸው ከሆነ የሚቀንስበት መንገድ አለ፤ በሩን ማጥበብ ሳያስፈልግ። ማስታወቂያው ላይ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይጻፍ። ግምቱ በየትኛው ቀን እንደተወሰደ፣ ከየትኛው ሱቅ ጋር እንደተነጻጸረ በሦስት መስመር ይቀመጥ። ወደ እኔ ቢሮ የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ብር እንዴት ተባለ?» ብሎ ነው። መልሱን ወረቀቱ ላይ ቢያገኘው ብዙው ወደ ቤቱ ይመለሳል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ በግብር ጉዳይም ጠንክሮ ቢገባበት ደግሞ አቅም የሌለው ሰው መሠረት የሌለው ቅሬታ ይዞ ከመንከራተት ይድናል።

እስከዚያው ማስታወቂያ የደረሳችሁ ሰዎች የተቀበላችሁበትን ቀን ወረቀቱ ላይ ጻፉበት። ለሱቅ ልጅ ተሰጥቶ ከሆነ መቼ ፈርሞ እንደተቀበለ ጠይቁት። ደብተር ካላችሁም፣ የተማሪ ደብተርም ቢሆን፣ ማንም ባይጠይቃችሁ ይዛችሁ ሂዱ።